ምዕራፍ ስድስት፦ ከታብሌቱ በፊት ብዕሩን

ከሚሴ ላይ የአንድ ተማሪን ደብተር የገለጠ ሰው ሁለት ፊደል ጎን ለጎን ማየቱ አይቀርም። ከተማዋ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን መቀመጫ ናት። በእሷም ሆነ በደዋ ጨፋ፣ በአርጡማ ፉርሲ፣ በጅሌ ጥሙጋ፣ በደዋ ሐረዋና በባቲ ልጆች በአፋን ኦሮሞ፣ በላቲኑ ፊደል በቁቤ ይማራሉ፤ አማርኛውን በግዕዝ ፊደል ይጽፋሉ። እንግሊዝኛውም ይጨመራል። መድረሳ የሚገባው ልጅ ደግሞ ዓረብኛውን ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፋል። በዚህ ላይ የሒሳብ ምልክት፣ የኬሚስትሪ ቀመርና የልብ ሥዕል ከነቀስቶቹ ሲጨመርበት ገጹን በኪቦርድ ልጻፍህ ቢሉት እሺ አይልም።

ፊደላችን ዩኒኮድ ወደተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ በማንኛውም ስልክ አማርኛ መጻፍ ይቻላል። መምህሩ እየተናገረ፣ ሰሌዳው እየተጠፋ፣ ከቁቤ ወደ ፊደል፣ ከፊደል ወደ ቀመር ኪቦርድ እየቀያየሩ መከተል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እጅ ግን ኪቦርድ መቀየር አያስፈልገውም። ብዕር ያለው ታብሌት ለከሚሴ ተማሪ፣ ለመምህሩና ለሠዓሊው የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው፤ በእጅ የተጻፈውን እንዳለ ያስቀምጣል፣ ቋንቋውን አይጠይቅም።

ጽፎ፣ አጥቦ፣ እንደገና መጻፍ ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። በቁርአን ትምህርት ቤት ደረሳው ትምህርቱን በእንጨት ለውህ ላይ በቀለም ይጽፋል፤ ከሸመደደው በኋላ ያጥበውና ቀጣዩን ያሰፍራል። ለውሁና ቀለሙ አንዱ ለሌላው የተዘጋጁ ናቸው። እንጨቱ ካልለሰለሰ ቀለሙ ይፈሳል፤ ቀለሙ ካልተስማማ አይታጠብም። ታብሌትም እንደዚያው ነው። ስክሪኑና ብዕሩ አንዱ ለሌላው ካልተሠሩ ሁለቱም ለየብቻቸው ጥሩ ቢሆኑ ጥቅም የላቸውም። የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቃለላል፦ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚመረጠው ብዕሩ ነው፤ ታብሌቱ ብዕሩን ተከትሎ ይመጣል።

ታብሌት በጣት መጣ

አብዛኛው ገዢ ነገሩን በተቃራኒው የሚያደርገው ያለ ምክንያት አይደለም። ታብሌት ወደ አገራችን የገባው በጣት ነው። በ2004 ዓ.ም. «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ለሌላቸው ልጆች ሞቶሮላ ዙም ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ አደለ። ልጆቹ ራሳቸው ከፍተው መጠቀም ጀመሩ፤ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ሳይቀር እንደከፈቱት የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ለዓለም ተናገረ። ከዓመታት በኋላ ለአራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ወደ 180 ሺህ የሚጠጉ ታብሌቶች ተገዙ። ቆጠራው በ2011 ዓ.ም. ተራዘመ እንጂ ለብዙ ኢትዮጵያዊ ታብሌት ማለት ቅጽ የሚሞላበት፣ በጣት የሚነካ ሰፊ ስልክ ሆኖ የታወቀው በእነዚህ ዓመታት ነው።

በጣት ለሚነካ ዕቃ የሚጠየቀው ጥያቄ ስክሪኑ ስንት ኢንች ነው፣ ራሙ ስንት ነው የሚል ነው። በብዕር ለሚጻፍበት ዕቃ ግን ይህ ሁለተኛ ጥያቄ ነው።

ሦስት ዓይነት ብዕር

ሱቅ ውስጥ «የታብሌት ብዕር» ተብለው የሚሸጡት ሁሉ በአሠራራቸው ከሦስት አይበልጡም።

የመጀመሪያው ጫፉ ጎማ ወይም ስስ የላስቲክ ክብ የሆነው ርካሹ ነው። የዛሬ ስክሪን በጣታችን ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ጠባይ አንብቦ ነው የሚሠራው፤ ይህ ብዕር ደግሞ ጣትን የሚያስመስል ዱላ ነው። ታብሌቱ ብዕር መሆኑን አያውቅም። መዳፍዎን ስክሪኑ ላይ ሲያሳርፉ ሌላ ጣት መጣ ብሎ መስመር ይስላል። ጫን ቢሉ ላላ ቢሉ መስመሩ አይወፍርም፣ አይቀጥንም። «በሁሉም ስልክና ታብሌት ላይ ይሠራል» የሚባለው እሱ ነው። ሻጩ «አብሽር፣ የማይሠራበት የለም» ቢልዎት እውነቱን ነው፤ በሁሉም ላይ የሚሠራው ግን በሁሉም ላይ እንደ ጣት ስለሆነ ነው። ከርካሽ ታብሌቶች ጋር ከኪቦርድና ከከቨር ጋር ተጠቅልሎ በስጦታ የሚመጣውም ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ባትሪ ያለውና ቻርጅ የሚደረግ፣ ጫፉ ቀጭን የሆነ ዘመዱም አለ። መልኩ ቢያምርም «ሁለንተናዊ» ተብሎ የሚሸጠው በአብዛኛው ያው ጣት አስመሳይ ነው።

ሁለተኛው ባትሪ የያዘና የራሱን ምልክት ከጫፉ የሚልክ ብዕር ነው። ስክሪኑ ምልክቱን ሲሰማ «ይህ ብዕር ነው፣ ያኛው መዳፍ ነው» ብሎ ይለያል። የአፕል ፔንስል፣ የሌኖቮ፣ የሻኦሚና የሁዋዌ ብዕሮች በዚህ ወገን ናቸው። ችግራቸው እያንዳንዱ ኩባንያ የየራሱ ቋንቋ ያለው መሆኑ ነው። የሌኖቮ ብዕር በአይፓድ ላይ፣ የአፕሉም በሌኖቮ ላይ ዱዳ ነው። በአንድ ኩባንያ ውስጥ እንኳ ይህ ሞዴል ከዚያ ብዕር ጋር ብቻ የሚባል አለ። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ደግሞ ታብሌቱን ብቻ ሳይሆን ብዕሩንም ቻርጅ ማድረግ እንዳለብዎት አይርሱ።

ሦስተኛው ባትሪ የሌለው ነው። አሠራሩ የጃፓኑ ዋኮም ኩባንያ የታወቀበት ነው። ከስክሪኑ ሥር የተዘረጋ የሽቦ መረብ መግነጢሳዊ ሞገድ ይለቃል። ብዕሩ ውስጥ ያለች ትንሽ የሽቦ ጥቅል ከሞገዱ ኃይል ወስዳ መልሳ ትጮኻለች፤ ታብሌቱም ከድምፅዋ ብዕሩ የት እንዳለና ምን ያህል እንደተጫነ ያውቃል። ብዕሩ ስክሪኑን ሳይነካ ትንሽ ከፍ ብሎ ሲያንዣብብ እንኳ ነጥቡ ይታያል። የሳምሰንግ ኤስ ፔን በዚህ መንገድ ይጽፋል። ቻርጅ አለቀ የሚባል ነገር ስለሌለው፣ ቢጠፋም ምትኩ ከሌሎች ስለማይወደድ ለእኛ አገር ተማሪ የተመቸው ይኸኛው ነው። የጀርመኑ ስቴድለር የተለመደውን የእርሳስ መልክ የያዘ ብዕር ለዚሁ ቴክኖሎጂ ሠርቷል፤ በሳምሰንግ ላይ ይጽፋል።

የአማርኛ ፊደል የሚፈልገው

የብዕር ማስታወቂያ ሁሉ በአንድ ቁጥር ይጀምራል፦ 4096 የጫና ደረጃ፣ 8192 የጫና ደረጃ። የሰው እጅ በ4096 እና በ8192 መካከል ያለውን ልዩነት አይለይም። እጅ የሚለየው ሌላ ነገር ነው፤ ብዕሩ መጻፍ ለመጀመር ምን ያህል ግፊት ይፈልጋል የሚለውን።

ለፊደላችን ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ላቲን በተያያዘ መስመር መጻፍ ይቻላል፤ ዓረብኛም ተቀጣጥሎ ይሄዳል። አማርኛ ግን ፊደል በፊደል ይነሣል፣ ይወርዳል። በአንድ ቃል ውስጥ እጃችን ብዙ ጊዜ ከገጹ ተነሥቶ ይመለሳል፤ ትርጉም የምትለውጠው ምልክት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ትንሿና ቀላሏ ናት። «ቡ»ን ከ«በ» የምትለየው ከጎኑ የምትወጣ አጭር ሰረዝ ናት፤ «ቂ»ን ከ«ቄ» የምትለየው ከእግሩ ሥር ያለችው ናት። ብዕሩ ጠንከር ያለ ጫና ካልተሰጠው የማይጽፍ ከሆነ እነዚህን ትንንሽ ምቶች ይውጣቸዋል። «ቡና» ብለው የጻፉት «በና» ሆኖ ያገኙታል፤ ማታ ሲያጠኑ ደግሞ የራስዎን ጽሑፍ ማንበብ ያቅትዎታል። ስለዚህ የጫና ደረጃውን ቁጥር ትተው በጣም ቀለል ባለ እጅ አንድ ገጽ ይጻፉ። ሰረዞቹ ሁሉ ከወጡ ብዕሩ ጥሩ ነው።

መዳፍም አለ። በቀኝ እጁ ከግራ ወደ ቀኝ የሚጽፍ ሰው መዳፉ ያልተጻፈበት ቦታ ላይ ያርፋል። ዓረብኛ ሲጽፍ ግን መዳፉ ቀድሞ በጻፈው ላይ እየተንሸራተተ ይከተለዋል። መዳፍን የማይለይ ታብሌት አማርኛው ላይ ጭረት፣ ዓረብኛው ላይ ደግሞ የተዝረከረከ ገጽ ይሰጣል። ሁለቱንም አቅጣጫ የሚጽፍ ሰው በሁለቱም አቅጣጫ ይፈትን።

ለሚሥለው ሰው ሁለት ነገሮች ይጨመራሉ። አንደኛው ብዕሩን ሲያጋድሉት የእርሳስ ጎን እንደሚያጠላው ሰፋ ያለ ጥላ መስጠቱ ነው። ሁለተኛው መስመሩ ከጫፉ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚቀር ነው። ርካሽ ታብሌት ላይ ቀለሙ ብዕሩን የሚከተለው ዘግይቶ ነው። ማስታወሻ የሚይዝ ሰው ይህን ይለምደዋል፤ ፊት የሚሥል ሰው ግን ዓይን ከቅንድብ ጋር አልገጥምለት ይላል።

ስክሪን፣ ራም፣ ባትሪ

መጽሐፍ ለማንበብና በዳር ለመጻፍ ከ10 እስከ 11 ኢንች ያለው ይበቃል። ስምንት ኢንች ለኪስ ይመቻል፤ የመማሪያ መጽሐፍ ገጽ ግን ያንስበታል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የታተመው መጽሐፍ ባልደረሰበት ቦታ ሁሉ ተማሪው በቴሌግራም የተላከ ፒዲኤፍ ሲያነብ ቆይቷል፤ ያንኑ ፒዲኤፍ በሰፊ ገጽ ከፍቶ እላዩ ላይ ማስመር ነው የታብሌቱ ዋና ሥራ።

ስፋቱ ብቻውን አይበቃም። 10.1 ኢንች ሆኖ 1280 በ800 ነጥብ ያለው ስክሪን በአንድ ኢንች 150 የሚጠጉ ነጥቦች አሉት፤ 10.4 ኢንች ሆኖ 2000 በ1200 ያለው 224 ገደማ። በመጀመሪያው ላይ ጠበብ ባለ ጽሑፍ «ጨ» እና «ጬ»፣ «ሸ» እና «ሼ» ይደበላለቃሉ። በመስታወቱና በሥዕሉ መካከል ክፍተት መኖር አለመኖሩም ይታያል። ክፍተት ካለ የብዕሩ ጫፍና ቀለሙ የሚወጣበት ነጥብ ትንሽ ይራራቃሉ፤ ለጽሑፍ ችግር የለውም፣ ለሥዕል ያሰለቻል።

ራም ለማስታወሻ 4 ጊጋባይት ይበቃል። በንብርብር (በሌየር) ለሚሥል ሰው 6 እና ከዚያ በላይ ይሻላል፤ ራም ሲያንስ የሥዕል መተግበሪያው የሚፈቅደው የንብርብር ቁጥር ይቀንሳልና። ማከማቻው 64 ጊጋባይት ከሆነ ሚሞሪ ካርድ የሚቀበል መሆኑን ያረጋግጡ። ባትሪው ከ7000 ሚሊአምፔር ሰዓት ባያንስ፣ በፓወር ባንክም መሙላት ቢችል ይመረጣል። የአምራቾቹ ምክር ታብሌትን ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀት እንዳንጠቀምበት ነው። የጨፋ ሜዳ ፀሐይና ከባቲ ወደ ታች ያለው ቆላ ይህን ቁጥር አይፈራም። ታብሌቱን በመኪና መስታወት ሥር መተው፣ ፀሐይ ላይ አድርጎ ቻርጅ ማድረግ ባትሪውን ያለ ዕድሜው ያስረጀዋል። የስክሪኑን ነጸብራቅ ለመቀነስ ወረቀት መሰል ሸካራ ፕላስቲክ የሚለጥፉም አሉ። ለዓይንና ለእጅ ይመቻል፤ የብዕሩን ጫፍ ግን ቶሎ ይበላዋል፣ ስለዚህ መለዋወጫ ጫፍ አብረው ይግዙ።

ሲም የሚቀበለው ዓይነት ዋጋው ከፍ ይላል። ስልክ ያለው ሰው ከስልኩ ዳታ ማጋራት ስለሚችል ዋይፋይ ብቻ ያለው ይበቃዋል፤ የተረፈውን ገንዘብ ብዕሩ ላይ ያውለው።

ስማቸው የሚምታቱት

ገበያው ውስጥ ትልቁ ወጥመድ ሐሰተኛው ዕቃ ሳይሆን እውነተኛው ነው። ሁለት ታብሌቶች የአንድ ኩባንያ ስም፣ ተመሳሳይ መልክና ተቀራራቢ ዋጋ ይዘው አንዱ ብዕር ያነባል፣ ሌላው አያነብም።

ሳምሰንግን እንውሰድ። ጋላክሲ ታብ ኤስ6 ላይት እ.ኤ.አ. በ2020 ወጣ፤ በ2022 እና በ2024 ታድሷል። ስክሪኑ 10.4 ኢንች፣ ባትሪው 7040፣ ክብደቱ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ሲሆን ኤስ ፔኑ ካርቶኑ ውስጥ ነው። ጋላክሲ ታብ ኤ9 ፕላስ ደግሞ ከእሱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ነው፤ ስክሪኑም 11 ኢንች ነው። ሻጩ «አዲሱ ይሻልዎታል» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ታብ ኤ9 ፕላስ ኤስ ፔን አያነብም፤ ከስክሪኑ ሥር መረቡ የለም፣ በኋላም ሊገጠምለት አይችልም። ለብዕር የሚገዛ ሰው ከሳምሰንግ «ኤስ» የሚለውን ፊደል ይፈልግ፤ «ኤስ»ም ሆነ «ኤ» ያለበትን ግን ሞዴሉን በስም ሳያጣራ አይግዛ።

አይፓድ ላይ ታብሌቱና ብዕሩ ለየብቻ ይሸጣሉ። ከ2018ቱ ከስድስተኛው ትውልድ ጀምሮ ርካሹ አይፓድም የአፕል ፔንስልን ያነባል። ዘጠነኛው ትውልድ፣ የ2021ዱ፣ የሚስማማው ከመጀመሪያው ትውልድ ፔንስል ጋር ብቻ ነው። ሁለተኛው ትውልድ ፔንስል ቢገዙለት አይሠራም። አሥረኛው ትውልድ የዩኤስቢ ሲ ፔንስልን ይቀበላል፤ ይህ ብዕር ግን ርካሽ የሆነው ጫና ስለማያነብ ነው። ለማስታወሻ ይበቃል፤ ለሥዕል ከቀድሞው ያነሰ ነው። ለ2018 እና ከዚያ በኋላ ለወጡ አይፓዶች በሌሎች ኩባንያዎች የሚሠሩ ርካሽ ብዕሮችም አሉ፤ መዳፍን ይለያሉ፣ ጫናን አያነቡም።

ሻኦሚ ሬድሚ ፓድ ፕሮ የራሱ ብዕር አለው፤ ብዕሩ ለብቻው ይገዛል። ሌኖቮ አንዳንዶቹን ከነብዕራቸው፣ አንዳንዶቹን ያለ ብዕር ያወጣል። የሁለቱንም ዋጋ ሲጠይቁ ብዕሩን ደምረው ይጠይቁ። ታብሌቱ ከሚሴ ቢገኝ ብዕሩ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይገኝ፣ አዲስ አበባ ድረስ ሊያስልክ ይችላል፤ ይህም ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው።

ዋጋው ለምን ጋለበ

ታብ ኤስ6 ላይት ሲወጣ የአሜሪካ ዋጋው 349 ዶላር ነበር፣ ከነብዕሩ። ዘጠነኛው አይፓድ 329 ዶላር ሆኖ ፔንስሉ 99 ነበር፤ ድምሩ 428 ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። 349 ዶላር በ57 ብር ሲመነዘር ወደ 20 ሺህ ብር ነው፤ በ130 ብር ሲመነዘር ከ45 ሺህ ይበልጣል። ቀረጥ፣ ትራንስፖርትና የነጋዴ ትርፍ ገና አልተነሣም። «ርካሽ ታብሌት» የሚለው ነገር የአንድ መምህር የወራት ደመወዝ የሆነው በዚህ ነው።

ስለዚህ ብዙዎች ወደ «ስላይትሊ ዩዝድ» ይሄዳሉ፤ ጥሩ ምርጫም ነው። ጥሩ ብዕር ያለው የሦስት ዓመት ታብሌት ብዕር ከሌለው አዲስ ታብሌት ይበልጣል። ሁለት ነገር ግን ሳይታይ ገንዘብ አይከፈልም። ሻጩ የጉግል ወይም የአፕል አካውንቱን እርስዎ ፊት ያውጣ፤ ታብሌቱም እርስዎ ፊት ተደምስሶ እንደ አዲስ ይከፈት። አካውንት የተቆለፈበት ታብሌት የሚያምር መስታወት ብቻ ነው። ሲም የሚቀበል ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ያለውን የአይኤምኢአይ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ያመሳክሩ።

ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፈተና

ከአስፋልቱ ዳር ካሉት ሱቆች በአንዱ ቆመው ታብሌት ሲያማርጡ ሻጩ ብዙውን ጊዜ ቪዲዮ ከፍቶ ያሳያል። የማንኛውም ታብሌት ቪዲዮ ያምራል። «ወንድሜ፣ ማስታወሻ መጻፊያውን ክፈትልኝ» ይበሉት። ከዚያ እንዲህ ያድርጉ።

መዳፍዎን ሙሉ በሙሉ አሳርፈው፣ ቀለል ባለ እጅ «ቡና ሲጠጡ ቂጣ ይቅረብ» ብለው ይጻፉ። ሰረዞቹን ይቁጠሩ። ከሥሩ በቁቤ አንድ መስመር፣ ዓረብኛ የሚጽፉ ከሆነ ከቀኝ ወደ ግራ «ቢስሚላህ» ይጻፉ። መዳፍዎ ጭረት ካልተወ ይቀጥሉ። የስክሪኑን አራት ማዕዘኖች በብዕሩ ይንኩ፤ ጥራት የሌለው ብዕር ዳር ላይ ይስታል። ማስመሪያ አስደግፈው ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በጣም በዝግታ መስመር ያስምሩ። በፍጥነት የተሰመረ መስመር ሁሌም ቀጥ ይላል፤ በዝግታ የተሰመረው ግን እንደ ደረጃ ወይም እንደ ማዕበል ከተንቀጠቀጠ ያ ታብሌት ለሥዕል አይሆንም። መጨረሻ ላይ ብዕሩን ከላላ ወደ ጠበቀ እየጫኑ አንድ መስመር ይሳቡ። መስመሩ ከቀጭን ወደ ወፍራም ካልተለወጠ ብዕሩ፣ ወይም ያ መተግበሪያ፣ ጫና አያነብም።

ስማቸው ያልተለመደና «12 ጊጋባይት ራም፣ 512 ማከማቻ» ተብለው በትንሽ ዋጋ የሚቀርቡ ታብሌቶች ላይ አንድ ፈተና ይጨምሩ። ሴቲንግ ውስጥ የሚታየው ቁጥር በሶፍትዌር ሊዋሽ ይችላል። ሲፒዩ ዚ ወይም ዴቭቼክ የሚባሉት ነፃ መተግበሪያዎች ብዙውን ጊዜ የውስጡን ዕቃ ያሳያሉ። ሻጩ መተግበሪያ ላስገባ ሲሉት እምቢ ካለ መልሱን አግኝተዋል።

በነፃ የሚገኘው

ከአገራችን በባንክ ካርድ መተግበሪያ መግዛት ለብዙ ሰው ቀላል አይደለም፤ ደግነቱ አያስፈልግም። ሳምሰንግ ኖትስ ከታብሌቱ ጋር ይመጣል። ዋንኖት በነፃ ይሠራል፣ ስኩዊድና ዞዶ ፒዲኤፍ ላይ ያስጽፋሉ። ለሥዕል ክሪታ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው፤ አይቢስ ፔይንት፣ ሜዲባንግና ስኬችቡክም በነፃ ይጀመራሉ። ሠዓሊዎች የሚያወድሱት ፕሮክሪዬት የሚገኘው በአፕል ዕቃ ላይ ብቻ ስለሆነ እሱን ብለው አንድሮይድ እንዳይገዙ። የጻፉትን በየሳምንቱ ወደ ፒዲኤፍ ቀይረው በሚሞሪ ካርድ ወይም በቴሌግራም «የተቀመጡ መልእክቶች» ውስጥ ያኑሩ፤ ታብሌት ይወድቃል፣ ይሰረቃል።

በስክሪን ላይ መሣል ለእኛ አገር ሰው ሩቅ አይደለም። በበሥራት ደበበ የተመሠረተው ኢታን ኮሚክስ ያሳተመው «ጀምበር» የተባለው የሥዕል ታሪክ፣ የዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ «ጥበብ ገርልስ» አኒሜሽን የኢትዮጵያውያን ሥራዎች ናቸው። ከሚሴ ላይም የሠርግ ካርድ የሚያዘጋጀው፣ የሱቅ ታፔላ የሚሠራው፣ የጥልፍ ንድፍ የምታወጣው፣ በመምህራን ትምህርት ኮሌጁ ሆኖ የማስተማሪያ ሥዕል የሚያዘጋጀው ሁሉ በዚሁ ዕቃ ይጠቀማል።

ታብሌት የማያስፈልገው ሰው

ሥዕል ብቻ የሚፈልግና ቀድሞ ኮምፒውተር ያለው ሰው ታብሌት ባይገዛ ይሻለዋል። ስክሪን የሌላቸው የሥዕል ሰሌዳዎች አሉ፤ የዋኮም፣ የሁዮንና የኤክስፒ ፔን። እጅ ሰሌዳው ላይ ይሥላል፣ ዓይን ኮምፒውተሩን ያያል። መጀመሪያ እጅና ዓይን አልግባባ ይላሉ፤ ቆይቶ ይለመዳል። ብዕራቸው ባትሪ የለውም፣ ጫና ያነባል፣ የርካሾቹ ዋጋም ከብዕር አንባቢ ታብሌት በእጅጉ ያነሰ ነው። አንዳንዶቹ በኬብል ከአንድሮይድ ስልክ ጋርም ይሠራሉ።

ከእነዚህ ጋር መምታታት የሌለበት የልጆች ጥቁር ኤልሲዲ ሰሌዳ ነው። ጽፈው በአንድ ቁልፍ ያጠፉታል፤ የጻፉትን ግን አያስቀምጥም። ለትንሽ ልጅ ፊደል ማስቆጠሪያ ወረቀት ይቆጥባል፤ ለተማሪ ማስታወሻ አይሆንም።

ስለዚህ ፍርዱ ይህ ነው። ማስታወሻም ሥዕልም የሚፈልግና ገንዘቡ የተወሰነ ሰው ብዕሩ በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣ፣ ባትሪ የማይፈልግ፣ 10 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነ ታብሌት ይግዛ፤ ጋላክሲ ታብ ኤስ6 ላይት፣ አዲስም ይሁን ያገለገለ፣ ከዚህ ልኬት ጋር የሚገጥም ነው። ማስታወሻ ብቻ የሚይዝ ሰው ያገለገለ አይፓድና መዳፍ የሚለይ ርካሽ ብዕር ይበቃዋል። ኮምፒውተር ያለው ሠዓሊ ስክሪን የሌለውን ሰሌዳ ይግዛ። ለሦስቱም አቅሙ የማይፈቅድ ሰው ደግሞ ጣት አስመሳይ ብዕር ላይ ገንዘቡን አያባክን። ደብተሩ ላይ ይጻፍ፣ ገጹን በስልኩ ፎቶ እያነሣ ያስቀምጥ፣ የሚያስፈልገው ገንዘብ እስኪሞላ ይቆጥብ።